ሙት ዓመት የሌለው ጎርፍ

ቀን መሰየም የማይታክተን ሕዝብ ሆነናል። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ይዛ ስትመጣ ለስድስቱም ስም ወጣላቸው፤ የአገልጋይነት ቀን፣ የመሥዋዕትነት ቀን፣ የበጎነት ቀን እየተባለ። ባነር ተሰቀለ፣ ቲሸርት ታተመ፣ ቢሮዎች ተሰልፈው ፎቶ ተነሡ። ከጳጉሜን ውጪም የሰንደቅ ዓላማ ቀን አለን፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን አለን፣ የእጅ መታጠብ ቀን ሳይቀር አለን። አንዳንዱ ቀን መኖሩን የምናውቀው ስብሰባ ተጠርተን አበል ስንፈርም ነው። ይኼ ሁሉ ቀን ስም ባገኘበት ሀገር ሐምሌ 30 ስም የለውም። ድሬዳዋ በተሰቀለ ካላንደር ሁሉ ላይ ጥቁር ቁጥር ነው፤ እንደ ሐምሌ 28፣ እንደ ሐምሌ 29።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ቅዳሜ አልፎ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሌሊት ላይ፣ ደቻቱ መጣ። “መጣ” የሚለው ቃል የድሬ ሰው ነው። ሌላ ሀገር ወንዝ ይሞላል፤ ደቻቱ ግን ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ የሚታየው አሸዋ ነዋ! ሰው ከመጋላ ወደ ከዚራ ሲያቋርጥ ይረግጠዋል፣ ልጅ ኳስ ይጠልዝበታል፣ ቸርቻሪ ሸራ ዘርግቶ ልብስ ይሸጥበታል። ውሃ የሌለው ወንዝ፣ መንገድ የመሰለ ወንዝ። ዝናቡ ደግሞ የሚዘንበው እዚህ አይደለም። ከተማችን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች፤ ከደቡብ በኩል ያለው የሐረርጌ ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ርቀቱም አጭር ነው። ደጋው ላይ የወረደው ውሃ ዛፍ ባጣው ገደል ቁልቁል ተምዘግዝጎ ሲደርስ፣ ድሬ ላይ አንድ ጠብታ ላይወርድ ይችላል። ጣራህ ላይ ኮሽታ የለም፤ በር ላይ ግን ጎርፍ ቆሟል።

ያን ሌሊት ሰው በእንቅልፉ እያለ ተወሰደ። ከ250 በላይ ሞተ፤ ሬሳው ያልተገኘለት ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ቤቱ ፈርሶ ሜዳ ላይ የቀረው በሺዎች ተቆጠረ። ደቻቱ የማንን ሃይማኖት፣ የማንን ብሔር እንደሚወስድ አልጠየቀም፤ በአንድ ግቢ ያደሩትን በአንድ ላይ ወሰደ። በሳምንቱ ደግሞ ኦሞ ሞልቶ ደቡብ ኦሞ ላይ ከ300 በላይ ሰው ፈጀና የሀገሩ ዓይን ወደዚያ ዞረ። እኛም ጭቃችንን ጠርገን ወደ ሥራችን ተመለስን።

እኛ እኮ ሙታንን የማናስብ ሕዝብ አይደለንም። እንዲያውም እንበዛበታለን። ክርስቲያኑ ሰልስት ይላል፣ አርባ ይላል፣ ሙት ዓመት ይላል፤ ተበድሮም ቢሆን ተዝካሩን ያወጣል። ሙስሊሙ ሰደቃውን ያበላል፣ ዱዓውን ያስደርጋል። ዕድሩና አፎሻው ለአንድ ሰው ሞት ድንኳን ተክሎ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ለአንድ ሰው ይህን ያህል የምናውቅ ሰዎች፣ ከ250 በላይ ሰው በአንድ ሌሊት ሲሄድ እንደ ከተማ አንድ ሙት ዓመት አላወጣንም። ቤተሰቦቹን አይደለም የምለው። እነሱማ በየጓዳቸው ያስባሉ፤ ሐምሌ ሲጋመስ ፊታቸው የሚለወጥ እናቶች አውቃለሁ። የማወራው ከተማ ስለሚባለው፣ ግብር ስለሚሰበስበውና ባነር ስለሚሰቅለው አካል ነው። እሱ ካነሣው ያነሣዋል፤ ካልታወሰው ያልፈዋል።

ይኼ የድሬ ብቻ በሽታ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ መሬቱ ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ የሚበዙት መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ። አሁንም ሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ሰንደቅ ዓላማው ዝቅ ብሎ ተውለበለበ፤ በአራተኛው ቀን ወደ ላይ ወጣ። ከዚያስ? በዓመቱ ማን ምን አደረገ? ሦስት ቀን ማልቀስ እናውቅበታለን፤ በዓመቱ መመለስ ነው የሚከብደን።

ለመሆኑ መንግሥት የሚሰይመው ቀን ዕድሜው ስንት ነው? እስቲ እንቁጠር። በንጉሡ ጊዜ ሐምሌ 16 የልደት፣ ጥቅምት 23 የዘውድ በዓል ነበር። ተማሪ ከረሜላ ይታደለው ነበር ይባላል፤ ዛሬ ቀኑን ሲነግሩት “የምን ቀን ነው?” የሚል ይበዛል። ደርግ መጣና መስከረም 2ን አቆመ፤ የድል በዓሉንም ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 ገፋው። ኢሕአዴግ መጣና ሚያዝያ 27ን መለሰ፣ ግንቦት 20ን ጨመረ። አሁን ግንቦት 20ም ከካላንደሩ ወጥቷል። ወንበር ያመጣውን ቀን ወንበር ይዞት ይሄዳል። ጃፓኖች በዚህ በኩል ብልሆች ናቸው። የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ልደት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ነበር፤ ሰውዬው በ1989 ሲሞቱ ዕረፍቱን ላለማጣት “የአረንጓዴ ቀን” አሉት፤ በ2007 ደግሞ በዘመነ መንግሥታቸው ስም “የሾዋ ቀን” ብለው መለሱት። (ሾዋ ነው ያልኩት፣ ሸዋ አላልኩም፤ ጠብ እንዳይነሣ።) እኛ ግን ስሙንም ቀኑንም አብረን ነው የምንጥለው።

አሁን ደግሞ ማንም ያላወጀውን አንድ ቀን ተመልከቱ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው አለቀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ተረፉ። ሕዝቡ በሽታውን በወሩ ስም “የኅዳር በሽታ” አለው። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ሰው ግቢውን ይጠርጋል፣ ጥራጊውን ደጅ አውጥቶ ያቃጥላል። “ኅዳር ሲታጠን” ይባላል። ዘውዲቱ አለፉ፣ ኃይለ ሥላሴ አለፉ፣ ደርግ አለፈ፣ ኢሕአዴግ አለፈ፤ ኅዳር አሁንም ይታጠናል። ኮሚቴ የለውም። በጀት የለውም። የክብር እንግዳ የለውም። ጭሱ አየር ይበክላል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ መጥረጉን ይዘን ማቃጠሉን ብንተው እኔም አልከፋም። ግን አስተውሉ፤ ከመቶ ዓመት በፊት የሞቱት ሰዎች ዛሬም መጥረጊያ ያስይዙናል። ታሪክ ያላነበበች የቤት እመቤት “ለምን ትጠርጊያለሽ?” ብትባል “በሽታ እንዳይገባ” ትላለች። የ1911ዱን ሐኪም ምክር ነው የምትደግመው።

እንግዲህ ክርክሬ ይኼ ነው። ድሬዳዋ ለሐምሌ 30 የሚያስፈልጋት የኅዳር ዓይነት ልማድ ነው፤ ወርኃዊ ግምገማ ላይ የሚነበብ “ቀን” አይደለም። ሞትን የሚያስታውስ፣ እጅንም ሥራ የሚያስይዝ።

ጃፓንን ያነሣሁት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 እኩለ ቀን ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ቶኪዮና ዮኮሃማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሱ፤ ምሳ ሊበስል የተለኮሰው እሳት ከተማውን በላው፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አለቀ። በ1959 ደግሞ የኢሴ ባሕረ ሰላጤ አውሎ ነፋስ ከአምስት ሺህ ሰው በላይ ገደለ። በማግሥቱ ዓመት በ1960 መንግሥቱ ሴፕቴምበር 1ን የአደጋ መከላከል ቀን አለው። ቀኑ በእኛ ነሐሴ 26 መሆኑ ነው፤ እነሱ ዘንድ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። የዕረፍት ቀን አይደለም። ሥራም ትምህርትም አለ። ተማሪው ደወል ሲሰማ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ በወፍራም ጨርቅ የተሠራ ቆብ ጭንቅላቱ ላይ ያደርጋል፣ ተሰልፎ ወደ ሜዳ ይወጣል። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ልምምዱ ውስጥ ይገባል። በየዓመቱ፣ አሰልቺ እስኪሆን። ልማድ ማለትም ይኸው ነው፤ አሰልቺ ካልሆነ እኩለ ሌሊት ላይ እጅና እግር አያዝም።

ከዚህ የምወደው ግን የአንዲት ትንሽ ከተማ ነገር ነው። ላፍካዲዮ ኸርን የሚባለው ደራሲ በ1897 የጻፈው ታሪክ አለ፤ ተራራ ላይ የሚኖር ሽማግሌ ባሕሩ ሊመጣ መሆኑን አይቶ የሩዝ ክምሩን በእሳት ያነድዳል፤ መንደርተኛው እሳት ሊያጠፋ ሲሮጥ ከማዕበሉ ያመልጣል። ታሪኩ በኋላ የጃፓን ተማሪ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እወደው ነበር። እውነተኛው ታሪክ ግን ከልብ ወለዱ ይበልጣል። ሰውዬው ሃማጉቺ ጎርዮ ይባላል፤ ሽማግሌም አልነበረም፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ የነበረ የአኩሪ አተር ሶስ ነጋዴ ነው። በ1854 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን፣ ማዕበሉ በጨለማ ሰውን ሲበትን ክምሩን ለኩሶ መንገድ አሳየ። ደራሲው እዚህ ላይ ብዕሩን አኖረ። ሃማጉቺ ግን ቀጠለ። በገዛ ገንዘቡ፣ ሁሉ ነገር የጠፋበትን መንደርተኛ የቀን ሠራተኛ አድርጎ፣ አራት ዓመት ፈጅቶ የአፈር ግድብ ሠራ። በ1946 ሌላ ማዕበል ሲመጣ ግድቡ የመንደሩን አብዛኛውን ክፍል አዳነ። ዛሬ ሂሮጋዋ በምትባለው በዚያች ከተማ በየዓመቱ የማዕበል በዓል አለ። ልጆች አፈር ይዘው ይወጡና ግድቡ ላይ ይጨምራሉ። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? እፍኝ አፈር ግድብ አያቆምም፤ ልጁ ግን ግድቡ የት እንዳለ፣ ለምን እንዳለ፣ የእሱም እንደሆነ በእጁ ያውቃል።

ጃፓንን ቅዱስ ላደርጋት አልፈልግም። በዚያው በ1923 መንቀጥቀጥ ማግሥት “ኮሪያውያን ጉድጓድ ውሃ መረዙ” የሚል ወሬ ተነዝቶ ብዙ ኮሪያውያን በሰፈር ጎረምሳና በታጣቂ ተጨፈጨፉ። በ2017 የቶኪዮዋ ገዥ ለነዚያ ሙታን መታሰቢያ የሚላከውን የሐዘን መልእክት መላክ አቆሙ። ስለዚህ ቀን ስለተሰየመ ብቻ ሙታን ሁሉ ይታወሳሉ ማለት አይደለም። ቀን የያዘው ሰው የሚመቸውን ሞት መርጦ ሊያስታውስ ይችላል። እዚህ ሀገር ይህን ለአንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም። ለደቻቱ ቀን ሲወጣም ስሞቹ ሁሉ አንድ ላይ፣ በፊደል ተራ እንጂ በሃይማኖትና በብሔር ተከፍለው እንዳይነበቡ ከአሁኑ መናገር ያስፈልጋል።

ሐሳቤን ለወዳጆቼ ሳቀርብ የምሰማቸው መልሶች አሉ። የመጀመሪያው “ኧረ በዓሉ በዝቷል፣ አሁን ደግሞ ሌላ?” የሚለው ነው። ይኼ ሰው ትክክል ነው፣ ያልሰማኝ ብቻ ነው። ዕረፍት አልጠየቅሁም። ቢሮው ይከፈት፣ ሱቁ ይከፈት፣ በርጫውም አይቋረጥ።

ሁለተኛው “ቁስል ለምን ይቀሰቀሳል?” ይላል። ይኼንን የሚለኝ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ያልሞተበት ነው። ልጇን ያጣች እናት ቁስሏን እኔ አልቀሰቅስባትም፤ ሁሌም አብሯት ነው ያለው። ሐዘንተኛን ብቻውን መተው በየትኛው ባህላችን ደግነት ሆኖ እንደሚቆጠር ይነገረኝ።

ሦስተኛው በጣም የሚያሳስበኝ ነው። ሰፈሬ ሱቅ ያለው ልጅ በአንድ ቃል ዘጋኝ፤ “አቦ ጋሼ፣ ግንቡ አለ እኮ!” አለ። እውነት ነው፣ ከጎርፉ በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል፤ ባይሠራ ኖሮ እኔም ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ ቋንቋ ነበር። ነገር ግን ግንብ ሁለት ሥራ አለው፤ ውሃውን ይገፋል፣ ሰውንም ያስተኛል። ጃፓን ውስጥ ታሮ የምትባል ሰፈር ዐሥር ሜትር ቁመት ያለው የባሕር ግንብ ነበራት፤ “ታላቁ ግንብ” ይሉት ነበር፤ በማርች 2011 ማዕበሉ ከላዩ ተሻግሮ ገባ። ግንቡን ተማምነው ሳይሸሹ የቀሩ ነበሩ። የእኛ ደቻቱ ደግሞ በየዓመቱ አሸዋ ይዞ ይመጣል። አሸዋው ሲከማች ወለሉ ከፍ ይላል፤ ወለሉ ከፍ ሲል ግንቡ ያጥራል። ይኼን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ድልድዩ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት ይበቃል። ግንቡ ካለ በኋላ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ከተማው ላይ ጎርፍ ገብቶ ሰው ሞቷል፤ ያኔ ኮሮና ስለነበር ብዙም አላወራነውም።

ያ ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ በ1998 ዓ.ም. አልተወለደም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ጎርፉ ሃያ ዓመት የሚሞላበት ነው፤ አሁን ደቻቱ ላይ ሸራ የሚዘረጋው፣ ዳሩ ላይ ቤት የሚከራየው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማታ በድልድዩ የሚሻገረው ወጣት ያን ሌሊት አያውቅም። ሳስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼን “ስለ ከተማችሁ አንድ ቀን ጻፉ” እል ነበር። ቁልቢ ይጻፋል፣ አረፋ ይጻፋል፣ ቡሄ ይጻፋል፤ እንቁጣጣሽና አደይ አበባም ይጻፋል፣ ምንም እንኳ ድሬ አሸዋ ላይ አደይ ስትፈነዳ ያየሁበት ዓመት ባይኖርም። የደጋውን አበባ በቃላቸው ያውቁታል፤ ከደጋው የሚወርደውን ውሃ ግን አያውቁትም። ደቻቱ ከተጻፈም ልብስ በርካሽ የሚገዛበት ቦታ ሆኖ ነው። ልጆቹን አልወቅሳቸውም፤ ማን ነገራቸው?

አንድ ቀን እንዲያው ለመፈተን ያህል በሰፈሬ ላገኘሁት ሁሉ “ዛሬ ሌሊት ደንገጎ ላይ ቢዘንብ ማን ለማን ይደውላል?” እያልኩ ጠየቅሁ። አንዱ “ፖሊስ” አለ፣ አንዱ “ቀበሌ” አለ፣ አንዷ እናት “እግዜር” አሉ። ሁለት ሰው እንኳ አንድ ዓይነት መልስ አልሰጠኝም። የእናትየው መልስ ደግሞ ሊታረም የሚችል አይደለም። በዚህ ምክንያት ነው ልማድ የምለው። ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሊተከል ይችላል፣ ጥሩ ነው፤ ግን ድምፁን ሰምቶ በየት በኩል መሮጥ እንዳለበት ያላወቀ ሰው በሳይረን ይነቃል እንጂ አይድንም።

አራተኛውን ክርክር የማነሣው ራሴ ነኝ። ቢፈቀድ፣ ነገሩ ወዲያው ይበላሻል። “የደቻቱ ቀን” ተብሎ መፈክር ይወጣለታል፤ የቢራ ፋብሪካ ስፖንሰር ይሆናል፤ ዘፋኝ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ የሟች ቤተሰብ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ንግግር ይሰማል፤ በመጨረሻም የክብር እንግዳው ችግኝ ተክለው ያጠጣሉ፣ ችግኙም በመስከረም ይደርቃል። ይኼን አውቃለሁ። ለዚህም ነው ጉዳዩ በማዘጋጃ ቤት ብቻ እንዳይያዝ የምለምነው። ዕድሮችና አፎሻዎች ይያዙት። እነሱ ድንኳን መትከል፣ ሰው መጥራት፣ ስም መመዝገብ፣ ማን እንደቀረ መቁጠር ከማንም በላይ ያውቁበታል። የአደጋ ሌሊት የሚያስፈልገውም ይኸው አራቱ ነው።

ሐምሌ 19 ቁልቢ ነው። ስለት ያለበት ሁሉ ዝናብና ጭቃ ሳይል ተራራውን ይወጣል፤ ከተማው ያን ሁሉ እንግዳ ያሳልፋል። ሲመለስ ዐሥር ቀን ይቀራል። በነዚያ ዐሥር ቀናት ግንቡ ሥር ያለው ጥራጊና የግንባታ ፍርስራሽ ይነሣ፤ የአሸዋ ነጋዴውም በነፃ ይጫን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ይጠቅመን። ሐምሌ 29 ከመግሪብና ከሠርክ ጸሎት በኋላ ለየሰፈሩ የተመደቡ ሽማግሌዎች ልጆቹን ይዘው ከቤታቸው እስከ ከፍታው ቦታ በእግር ይሂዱ፤ በመኪና አይሆንም፣ ያን ሌሊት መኪና የለም። ጉልበት የሌላቸውን አዛውንት ማን እንደሚሸከም ስም በስም ይታወቅ። ከፍታው ላይ ሲደርሱ የሟቾቹ ስም ይነበብ። ከ250 በላይ ስም ለማንበብ ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ለክብር እንግዳ ንግግር ከምንሰጠው ጊዜ ያንሳል። ሼኹም ቄሱም ከዚያ በኋላ ዱዓና ጸሎት ያድርጉ።

ልጆቹ ሲመለሱ እንደ ሂሮጋዋዎቹ አንዳንድ እፍኝ ይያዙ፤ የእኛ ግን በተቃራኒው ነው፣ አሸዋውን ከወንዙ ማውጣት ነው ያለብን። በጣሳ፣ በፌስታል፣ በሸሚዝ ኪስም ቢሆን። ከዚያ ከንጋቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አንድ ጊዜ አብረው ይሞከሩ፤ እንቅልፍ የተበላሸበት ሰው ካለ ለኔ ይደውልና ይስደበኝ።